ካርቶን ውስጥ የኖረው ግራሞፎን

የግራሞፎናችን ድምፅ ምን ይመስል ይሆን? ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አባዬ ይህን የጥንት ዕቃ ከቀድሞ አሠሪው በስጦታ ቢያገኘውም፣ እማዬ «አዲስ እንደሆነ ይቀመጥ» ብላ ካርቶኑን ዳንቴል አልብሳ ሳሎን አስቀመጠችው።

ሰፈራችን ገርጂ ውስጥ ሁሉም ቤቱን ሲያድስ እማዬም ሴራሚክ ማስነጠፍ አማራትና ግራሞፎኑን ገምቶ የሚገዛ ነጋዴ ከቦሌ አስመጣች።

ነጋዴው ዳንቴሉን ገልጦ ካርቶኑን ዞሮ አየው። «ያልተከፈተ ከሆነ ጥሩ ያወጣል፣ እትዬ።»

«እጅ አልነካውም» አለች ኮራ ብላ።

«ካርቶኑስ የድሮ ነው። ፕላስተሩ ግን አዲስ ነው።»

ሁላችንም አባዬን አየነው።

«እሁድ እሁድ ቅዳሴ ስትሄዱ» አለ ወለሉን እያየ፣ «አንድ ሁለት ሸክላ አጫውቼ መልሼ አሽገዋለሁ።»

«ብቻህን?» አለች እማዬ።

«ትንሽም እጨፍራለሁ።»

«አሞኛል፣ ቅዳሴ አያስቆመኝም ባልከው ጉልበት?»

ነጋዴው ሳቁን መቆጣጠር ስላቃተው ወደ በረንዳ ወጣ። እማዬ አባዬን ትክ ብላ አየችውና ካርቶኑን መልሳ ዳንቴሉን አለበሰችው። «አይሸጥም» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ስትጠራኝ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ ጉልበቴን ያዝ አድርጌ «እኔንም አሞኛል» አልኳት።