አንድ አንድ እየ…

የጠፋ ሻማ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር እዚሁ አገራችን ደቡብ ውስጥ፣ ታቦር ተራራ ሥር የነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ትመጣብኛለች። እዚያ የምንኖረው አባዬና እኔ ብቻ ነበርን። እማዬ ከወላጆቿ ጋር ወደ እስራኤል የሄደችው ስድስት ዓመቴ ላይ ሲሆን፣ የእኛ ስም ከዝርዝሩ ስለጎደለ «ተራችሁ ሲደርስ ትጠራላችሁ» ተብለን ቀረን።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባዬ ከሚሠራበት ከዩኒቨርሲቲው የእንጨት ሥራ ክፍል ኮላ ኮላ እየሸተተ ይመጣና «ከመስከረም አያልፍም» ይለኝ ነበር። መስከረም ሲጠባ ደግሞ «ከስግድ አያልፍም» ይላል። ኅዳር ላይ የቤተ እስራኤል በዓላችን ስግድ ሲደርስ ጾመን ተራራው ላይ እንወጣና፣ ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን እሱ በቃሉ የያዘውን የግዕዝ ጸሎት ሲያደርስ እኔ ከኋላው እሰግድ ነበር። ጎንደር ቢሆን ሕዝቡ ተራራውን ይሞላው ነበር አሉ፤ እኛ ግን ሁለት ነበርን።

ታኅሣሥ ላይ እማዬ ጎረቤታችን የማርታ እናት ቤት ደወለች። የሰፈሩ የቤት ስልክ እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። ሐኑካ ስለሚባል በዓል ነገረችን፤ አባቶቻችን ከዚያ አገር የወጡት በዓሉ ሳይጀመር ነው ስለሚባል አባዬ አያውቀውም ነበር። የረከሰው መቅደስ ሲነጻ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ዘይት ተገኝቶ ስምንት ቀን እንደበራ ተረከችልንና፣ «ተአምሩ እንዲታይ መስኮት ላይ ይበራል፤ ስምንት ሻማ ነው፤ በየምሽቱ አንድ አንድ እየ…» እንዳለች ስልኩ ተቋረጠ።

የቀረውን ቃል አባዬ ራሱ ሞላው። «እየተቀነሰ» አለ፣ አንዳች ሳይጠራጠር።

ጣውላ ልጎ ስምንት የለስላሳ ቆርኪ መታበትና በመጀመሪያው ምሽት ስምንቱንም ሻማ ለኮሰ። የማርታ እናት በመስኮቱ አይተው መጡ።

«የዝናሽ አባት፣ መብራት አለ አይደል እንዴ? ሻማ ለምን ያቃጥላሉ?»

«ለማየት ብቻ ነው። አይሠራበትም፣ አይነበብበትም።»

«እሺ፣ እኔም አያለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውን ቆሙ።

በማግስቱ ሰባት፣ ከዚያ ስድስት ሆነ። እኔ በልቤ አንዱ ሲቀር እማዬ ትመጣለች ብዬ ደምድሜ ነበርና፣ በስምንተኛው ቀን ገላዬን ታጥቤ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ብድግ እል ነበር። ሁሉም አለፉ። ያቺ አንዲት ሻማ ቆርኪው ውስጥ ቀልጣ ስትጠፋ አምርሬ አለቀስኩ፤ አባዬም ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ አለ።

እማዬ በሚቀጥለው ስትደውል በሳቅ ልትፈነዳ ደረሰች። «ኧረ እየተጨመረ ነው ያልኩህ! ከአንድ ተነሥቶ ስምንት ይደርሳል። የተቀደሰ ነገር ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል እንዴ?» አባዬም ሳቀ። በዓመቱ ግን ምሽቱ ሲደርስ እንደገና ስምንቱንም ለኮሰ።

«አባዬ፣ ተሳሳትክ!»

«አልተሳሳትኩም ልጄ። እናትሽ ደርሳለች፤ ለደረሰ ሰው ብርሃን ይጨመርለታል። የሚጠብቅ ሰው ግን የሚቆጥረው የቀረውን ነው።»

እንዲህ እያልን ብዙ ታኅሣሦች አለፉ። አባዬ በየዓመቱ ከስምንት ወደ አንድ ሲወርድ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ይዞ መለኮስ፣ ተስፋ ማለት ይኼው ነው» ይል ነበር። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ ያቺን የመጨረሻዋን ሻማ ጠላኋት፤ ስትለኮስ ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣ ነበር። ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ተራችን ሳይደርስ አባዬ ሞተ።

አሁን የምኖረው እዚያው ከተማችን ውስጥ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ነው። ጣውላውን ይዤው መጥቻለሁ። ታኅሣሥ ሲመጣ እማዬ በየምሽቱ በሞባይል ፊቷን እያሳየች «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ሕጉ ከአንድ ጀምሬ በየቀኑ እጨምራለሁ። በስምንተኛው ምሽት መስኮቴ ሙሉ ብርሃን ይሆናል፣ ከታች የሚያልፉ ባጃጆች ሳይቀሩ ያዩታል። እማዬ ስታየው «ተባረኪ፣ አሁን ልክ ነው» ትላለች፤ ልክም ነው። አባዬ በተሳሳተበት ጊዜ ግን ሻማው አንድ ሲቀር እኛ ሁለት ነበርን።