ዘይነባን ፍለጋ ወደ ሞጣ

በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቢቸና የተነሣሁት የጠፋች ተማሪዬን ፍለጋ ነበር። ዘይነባ በድርቁ ከወሎ ተፈናቅለው፣ ዓባይን ተሻግረው ከመጡት አንዷ ናት። ለአቅመ ሔዋን ብትደርስም የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ ስለማታውቅ ከሕፃናቱ ጋር አንደኛ ክፍል አስገባኋት። ፊደል ሳትጨርስ ሄደች። አብረዋት የመጡትና እዚያው ክፍል የገቡት ሰባት ትልልቅ ልጆችም በር በር ማየት ጀምረዋል። እሷ ከቀረች እነሱም መቅረታቸው ነው ብዬ ፈራሁ። ሞጣ፣ አንድ ነጋዴ ቤት ተቀጥራ እየሠራች ነው አሉኝ።

ሁለት ብር ከፍዬ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ሲወርድ እኔም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው አቧራ ነው። በግራችን ጮቄ ተራራ ደመና ለብሷል፤ ጤፍ አጫጆች ከየማሳው እጃቸውን ያወዛውዙልናል። ግንደ ወይንን አልፈን ሞጣ ስንደርስ ወፍጮ ቤት የዋልኩ መስዬ ነበር።

ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዘይነባን ጠሯት። ስታየኝ ጉፍታዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ማን ሰደበሽ? ማን መታሽ?" አልኳት።

"ማንም፣ ጋሼ። ልጆቹ ደጎች ናቸው። በገባሁ ቁጥር ብድግ እያሉ 'ኖር!' ይሉኛል። 'እትዬ' ይሉኛል። እናታቸውን አከልኩ እኮ! እንዲህ እያፈርኩ ፊደሉ በየት በኩል ይግባኝ?"

ለካ ያባረራት ስድብ ሳይሆን የጎጃም ልጅ አስተዳደግ ኖሯል! ማንን ልቆጣ? ለታላቅህ አትነሣ አይባል ነገር።

ሐጂ ኑሩ ሳቁ። "ስማኝ መምህር፣ እኔንም ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ግቡ ሲለኝ 'ሱቅ አለኝ' እያልኩ ስሸሽ ነው የኖርኩት። እዚሁ አብረን እንማር። ከእኔ ጎን ተቀምጣ ማን ትልቅ ነሽ ይላታል?"

ገዢ በበዛበት ሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ዘይነባን አስከትለው፣ መሠረተ ትምህርቱ ወደሚሰጥበት የቀበሌው አዳራሽ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ሲገቡ ቤቱ በሙሉ "ኖር!" ብሎ ተነሣ። "ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ!" አሉ። ዘይነባን ልብ ያላትም የለ። ብዙም ሳይቆይ ሐጂ "ለ"ን "ሰ" ሲሉ በሳቅ ፍርስ አለች። ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬ መጣ።

እዚያው አደርኩ። ጾመኛ መሆኔን አውቀው ለእኔ ብቻ ሽሮ አሠሩልኝ። እሑድ ስሰናበታቸው ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ።

ቢቸና የገባሁት ያለ ዘይነባ ነው፤ ባዶ እጄን ግን አልነበርኩም። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ፊደል ለሚጀምር ሰው ከመጽሐፍም ከጠመኔም በፊት በዕድሜ የሚበልጠው ጓደኛ እንደሚያስፈልገው ተምሬአለሁ።

ሰኞ ጠዋት ፊደል ያልቆጠሩትን የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ፣ አያ ደምሌን፣ አንደኛ ክፍል ገብተው እንዲማሩ ለመንኳቸው። "በስተርጅና!" ብለው ትንሽ አንገራገሩና ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ሕፃናቱ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። ሰባቱ የወሎ ልጆችም አብረዋቸው ተነሡ።