የጋሽ ደምሴ ፍሬን

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ጋራዥ ወስጄ ነበር። የምኖረው በስዊድን ሰሜን ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምረዳው በዚህችው መኪና ስለሆነ አንድ ቀን አታርፍም። መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው። የፊት ፍሬን ዲስኮቹ ማለቃቸውን ነግሮኝ ርካሽና ውድ የሆኑ ሁለት ዓይነት አዲስ ዲስኮች አቀረበልኝ። የትኛውን እንደምመርጥ ሲጠብቅ፣ እኔ አሮጌዎቹን አሳየኝ አልኩት። ግራ ቢገባውም አመጣልኝ። አገላብጬ አየኋቸው። ሳስተዋል፤ ቀለማቸው ግን ንጹሕ ግራጫ ነው። ሰማያዊ የለባቸውም። አማተብኩ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴ ኢተያ በአንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ስለነበር ከአሰላ በየቀኑ ይመላለሳል፤ አልፎ አልፎም ለሥራ ዴራን አልፎ ናዝሬት ይወርዳል። መኪናው ከአብዮቱ በፊት የገዛት የጣልያን ሥሪት ነበረች። ኅዳር ላይ ስንዴው ታጭዶ፣ መንገዱ ግራና ቀኙ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና እናቴ የቋጠረችለት የገብስ ቆሎ በመንቀጥቀጡ ወለሉ ላይ ተበትኖ ይመጣል። እሱን የምለቅመው እኔ ነበርኩ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው።

መካኒካችን ጋሽ ከድር ይባላል፤ አሰላ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ የሚናገር ሰው ነበር። ጎማውን ፈትቶ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውንና የፍሬኑ ሸራ እየነከሰ የሚያቆመውን ክብ ብረት ለአባቴ አሳየው።

“ይሄ ዲስክ መሆኑ ቀርቷል፤ ቂጣ ሆኗል” አለው። “እናንተ ጸሐፊዎች ፍሬኑንም እንደ ማኅተም ነው የምትጫኑት።”

አባቴ ሳቀ፤ ከዚያ ምርጫውን ሲሰማ ሳቁን ተወ። አዲስ ዲስክ የሚገኘው አዲስ አበባ ስም አስመዝግቦ፣ ወራት ጠብቆ ነው። የያዘውን ናዝሬት ወስዶ ፊቱን በቶርኖ መኪና ማስላግ ይቻላል፤ ሆኖም ይብስ ይሳሳል፤ የሳሳ ብረት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል። ጋሽ ከድር ሦስተኛውን የተናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የጋሽ ደምሴ መኪና ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ ዲስኮቿም ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ የተቀየሩ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ ጎረቤታችን ነበር። ከኢተያ ወደ ዴራ በሚወርደው ቁልቁለት መኪናው ገደል ገብታ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም። የሞተው ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ቀበሌ እንዲቀርብ ወረቀት ደርሶት ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሶት ሄዶ ያልተመለሰ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው “ራሱን ነው የጣለው” አለ። በገዛ እጁ ለሞተ ፍትሐት የለምና፣ ካህናቱ የነፍሱን ጸሎት ሳያደርሱለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ተቀበረ። ባለቤቱ እትዬ ዘነበች ከቅዳሴ ስትወጣ ሰው መንገድ ይለውጥባት ጀመር። አንድ እሑድ እኔም አየኋት። ሕፃን ሳለሁ አቅፋ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ወደ ማዶ ተሻገርኩ።

እናቴ የሟች ብረት ከቤቷ እንዳይገባ ለመነች። እትዬ ዘነበች ግን ወሬው ደርሷት ኖሮ ራሷ ላከች፦ ዝገት ከሚበላው ለልጆቻችሁ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት አባቴና ጋሽ ከድር ሲሄዱ፣ እኔም የላምባውን ጣሳና ጨርቁን ይዤ ተከተልኩ።

መኪናዋ በትራክተር ተጎትታ መጥታ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማለች፤ ፊቷ ተጨፍልቋል። እትዬ ዘነበች ለአባቴ በርጩማ አወጣችለት፤ እኔን ግንባሬን ሳመችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ጋሽ ከድር የፊቱን ዲስክ ፈትቶ ጥረጊው ብሎ ሰጠኝ። ጭቃውን በላምባ ሳስለቅቅ ከሥሩ ቀለም ወጣ፤ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊና ወይን ጠጅ። ደጋግሜ ብፈትገውም አልለቀቀም።

“ጋሼ፣ ይሄ ለምን ሰማያዊ ሆነ?” አልኩት።

ተቀብሎኝ ወደ ፀሐይ አዞረው። በጥፍሩ ዳሰሰው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩበት። ሌላኛውንም ፈታ፤ እሱም ያው ነው። ሸራዎቹ ከስለዋል። ወደ እትዬ ዘነበች ዞሮ፣ የዚያን ቀን መኪናዋ ጭነት ነበረባት ወይ ብሎ ጠየቃት። ሁለት ኩንታል ስንዴ፣ ዴራ ላለች እህቱ፣ አለችው።

“እትዬ ዘነበች፣” አለ ቀስ ብሎ፣ “ብረት እንዲህ የሚሆነው ሲቃጠል ነው። ይህ ሰው ከላይ ጀምሮ ፍሬን ይዞ ነው የወረደው። ፍሬኑ ግሎ እምቢ እስኪለው ድረስ እግሩን አላነሳም። መሞት የፈለገ ሰው እንዲህ አይታገልም።”

እሷ አላለቀሰችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና “ይህን ለመምሬ ትነግርልኛለህ?” አለችው።

“እኔ እስላም ነኝ እኮ። ማን ይሰማኛል?”

“ያየኸው አንተ ነህ” አለው አባቴ። ለራሱ ፈልጎ የመጣባቸውን ዲስኮች በጆንያ ጠቅልሎ ተሸከማቸው። ተቃጥለዋልና ለእኛ መኪና እንደማይሆኑ ያን ጊዜ ገብቶታል።

ዲስኮቹን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው። አስተዳዳሪው መምሬ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ከድር የነገረውን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ በምን ትምልልኛለህ አሉት። “በጾሜና በሶላቴ። እኔን ካላመኑኝም እርስዎ ራስዎ ይንኩት” አላቸው። ጎንበስ ብለው ሰማያዊውን በጋቢያቸው ጫፍ ፈተጉት፤ ደግመው ፈተጉት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

“ልጆቼ፣” አሉ፣ “እኛም እኮ የቀበሌውን ወረቀት ፈርተን ነው ፍትሐት የከለከልነው።”

አርባው ሳይሞላ ፍትሐቱ በመቃብሩ ላይ ተደረገለት፤ ቅጥሩም ዞሮ እንዲያካትተው ተሠራ። በአርባው ቀን እትዬ ዘነበች ዳቦውን ቆርሳ የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጠችኝ። “እንኪ ልጄ” አለችኝ። የዚያን እሑድ መሻገሬን ማየቷን አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ሳልላት ዳቦውን በላሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ ጮሌ ከተማ ሄደች፤ እዚያም አረፈች።

አባቴ የራሱን ዲስኮች ናዝሬት አስላገ። አዲስ እስኪያገኝ ድረስ፣ ጋሽ ከድር እንዳዘዘው፣ ወደ ዴራ በወረደ ቁጥር ፍሬኑ እንዳይግል በሁለተኛ ማርሽ ይንፏቀቅ ነበር፤ ከቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሞ ሳያማትብም አይወርድም።

ወጣቱ መካኒክ ካቀረበልኝ ዲስኮች ውዱን መረጥኩ። ከጋራዡ ስወጣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መንገድ አለ፤ በረዶው ገና መጣሉ ነበር። መሃሉ ላይ ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ያዘ። ለእኔ ስለያዘልኝ አመሰገንኩ፤ ከዚያም ላልያዘለት ሰው፣ በክርስትና ስሙ ጠርቼ፣ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ከስሙ አስከትዬ የእትዬ ዘነበችን ስም ጠራሁ። እሷን የምጠራው ለጸሎት ብቻ አይደለም፤ ያኔ ያላልኳትን ይቅር በይኝ አሁን ያልኳት እየመሰለኝ ነው።