ፕሮሰሰሩን የቀየርን ሰሞን

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በኮምፒውተር ሥራ ተቀጥሬያለሁ ብሎ ወደ ሌላኛው የአገሩ ጫፍ ወደ ፐርዝ ሲሄድ፣ የራሱን ኮምፒውተር ዌስት ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር እኛ ቤት ትቶልን ሄደ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ማሽኑ ሰው ሁሉ ከሚገዛው የተለየ፣ ሪስክ በሚባል የፕሮሰሰር ዓይነት የሚሠራ ነበር። ሱቅ ገብቼ ስለሱ ስጠይቅ ሻጮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ወንድማችን ተማሪ ሳለ ራሱ የጻፈው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበረበት፤ የቤተ ክርስቲያናችንን የእሁድ ወረቀት፣ መዝሙሩንም ማስታወቂያውንም፣ የምተይበው በሱ ነበር።

ችግሩ ሜሞሪው ማነሱ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቦታ የለም ብሎ ይቆማል። የዚህ ማሽን ባለቤቶች ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሰበሰቡ ሰማሁና ኮምፒውተሩን መኪና ላይ ጭኜ ሄድኩ። አንድ ጡረታ የወጡ የከተማ ባቡር ኤሌክትሪሺያን ተቀበሉኝ። ክዳኑን ከፍተው ከማበጠሪያ የማትበልጥ የሜሞሪ ሰሌዳ ሰኩበት። ያ በሰላም አለፈ።

“ከተከፈተ አይቀር ፕሮሰሰሩንም እንቀይረው” አሉኝ። “አምስት እጥፍ ይፈጥንልሻል።”

እሺ አልኩ። የድሮውን የፕሮሰሰር ካርድ ነቅለው አዲሱን አስገቡ፤ የድሮውን እዚያው ለነበረ ሌላ ሰው ሰጡት። ማሽኑ ሲበራ ሁሉም ነገር ዓይን ሳይርገበገብ ይከፈታል። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ቤት ደርሼ አማርኛውን ከፈትኩ። “ሰ” ስል መጣች። “ሱ” ላደርጋት ስሞክር ስክሪኑ ድርቅ አለ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። የእንግሊዝኛው መጻፊያ ይሮጣል፣ የሥዕሉ ፕሮግራም ይሮጣል። አዲሱን ሜሞሪ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ሌላ ክፍል ወስጄም ሞከርኩ። ዕቃው ሁሉ አዲስ፣ ዕቃው ሁሉ ደህና፤ አማርኛ ብቻ የለም። ምን እንዳበላሸሁ ማወቅ አቃተኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውዬው ብዙ ሲነካኩት ቆዩና አስረዱኝ። “ፕሮግራሙ እየሠራ የገዛ ትእዛዙን ይቀይራል። አዲሱ ፕሮሰሰር ደግሞ ለመፍጠን ብሎ ትእዛዙን አስቀድሞ ገልብጦ አጠገቡ ይይዛል። ፕሮግራሙ ቢቀይረውም እሱ የገለበጠውን የድሮውን ነው የሚሠራው።”

“ታዲያ የተሳሳተው የትኛው ነው?”

“ሁለቱም አልተሳሳቱም።”

ይኼ መልስ የባሰ ግራ አጋባኝ። ፕሮሰሰሩ ገልብጦ የሚይዝበትን ካሽ የሚሉትን ቦታ ኦፍ አደረጉት። ፊደሉ ተመለሰ፤ ግን ከድሮው ፕሮሰሰር እንኳ ዘገየ። አንድ ቃል ተይቤ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ።

ፐርዝ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው አብሮት የሚኖር ልጅ ነው።

“የለም፣ ታክሲ ላይ ነው” አለኝ።

“ሊሳፈር ወጥቶ ነው?”

“አይ፣ እየነዳ ነው። ሥራው እኮ ነው።”

እንዲደውልልኝ ንገረው ብዬ ዘጋሁ። እኛ ግን ቢሮ ተቀምጧል ስንል ነው የከረምነው። በማግስቱ እሱ ራሱ ደወለ። ስለ ታክሲው አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። የፕሮግራሙን መስመሮች ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ “ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ?” አለ።

“ስምህ አለበት።”

“ለምን እንዲህ እንዳደረግኩት አላውቅም። እስቲ ኮፒውን ላኪልኝ።”

በፍሎፒ ዲስክ ገልብጬ ላክሁለት። ሁለት ወር ያህል ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ፍሎፒው በፖስታ ተመልሶ መጣ፤ ላዩ ላይ በእርሳስ “ካሹን አታጥፊው” ብሎ ጽፎበታል። ካሹን መልሼ አበራሁና የታረመውን ፕሮግራም አስገባሁት። “ሰ”፣ “ሱ”፣ “ሲ” ጣቴን ተከትለው መጡ።

ለባለቤቴ ስለ ታክሲው ልንገረው ወይስ ልተወው እያልኩ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። የማንን ክብር እንደምጠብቅ እንኳ አላውቅም ነበር። ከዓመት በኋላ ወንድምየው በስልክ ለባለቤቴ ራሱ ነገረው፤ ድሮ የምናውቀው ነገር ይመስል፣ ስለ ፐርዝ ሙቀት እያወራ በመሀል ጣል አደረገው። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

“አዎ” አልኩት።

ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ። “በስልክ እሱ አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁም፤ እንደዚያው ቀረ” ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ለእኔም ምክንያት አልመሰለኝም።