አባቴ ባቡሩን ያየበት መብራት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ናቲ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከልኝ። አዲስ አበባ ባለው ቤቱ አንዱን ክፍል ለልጁ መጫወቻ ባቡር ሰጥቶታል። ሀዲዱ ክፍሉን ይዞራል፤ ተራራ አለ፣ ዋሻ አለ፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ መብራቱ ተደርድሮ የሰርግ አዳራሽ መስሏል። ወዲያው ደወለና «እማዬ፣ መብራቱ ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አለኝ። ሳቄ መጣ። «ኧረ ቀንስ!» ስለው ደነገጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ወደ አሶሳ የመጣነው ከድሬዳዋ ነው። አባቴ በላይ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው ባቡር ሲነዳ ነበር። በዚያን ጊዜ ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሜካኒክ ይፈልጋል። እናቴ ደግሞ የመንዲ ሰው ናትና «ወደ ዘመዶቼ አቅርበኝ» እያለች ስትወተውተው እጁን ሰጠ። ሙቀቱ ለድሬ ሰው ምኑም አልነበረም፤ ማንጎውንም ወደደው፤ ከዛፍ የወደቀ ማንጎ በነጻ የሚበላበት አገር ገነት ነው ይል ነበር። ባቡር ብቻ ጎደለው። ጠዋት ፉጨት ሳይሰማ መንቃት አቃተው መሰለኝ፣ ራሱ እያፏጨ ይነሣ ጀመር።

አንድ ቀን የትምህርት ቤታችንን የውኃ ፓምፕ ሊጠግን መጥቶ ተማሪዎቹ ከበቡት። ስለ ባቡር ሲያወራላቸው አንዱ ተነሥቶ «ጎማው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«አቦ! ጎማ የለውም!»

«ጎማ ሳይኖረው እንዴት ይሄዳል?» ብለው ሳቁበት። ጓደኛዬ ሐዋ እንኳ አላመነችውም። ሐዋ የአሶሳ አካባቢ የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ፈጣን ቢሆንም ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ትቀላቅለዋለች። «ሂሩት፣ አባትሽ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ይዋሻል፣ ወላሂ!» አለችኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ እልህ ያዘው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። የሳርዲን ቆርቆሮ ፉርጎ ሆነ፤ የዘይት ጣሳ ሞተር ሆነ። ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ ወጣ። ሐዋና እኔ ቀርከሃ እየሰነጠቅን ከሀዲዱ ሥር አጋደምን፤ ሀዲዱም ወፍራም የብረት ሽቦ ነበር። ጣቢያም ድልድይም ሠራን። ርዕሰ መምህራችን አቶ ገመቹ አንድ ባዶ የዕቃ ክፍል ሰጡን፤ ለወላጆች በዓል ባቡሩን ጋሽ በላይ ራሱ እንዲነዳውም ወሰኑ። አነዳዱ በመኪና ባትሪና በአንዲት ማዞሪያ ነው። ቁም ነገሩ ባቡሩን ጣቢያው ደጃፍ ላይ አቁሞ እንደገና ማስነሣት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። አባቴ ባቡሩን ጣቢያው ላይ ማቆም አቃተው። ያልፈዋል። አንዳንዴ ጣቢያው ገና ሳይደርስ ይቆምና «ደረሰ!» ይላል። ከድልድዩ ላይ ጭራሽ ሦስት ፉርጎ ወደቀ። «ዲናሞው ነው» አለ። እኔ ግን ሻዩን ከብርጭቆው ውጪ ሲቀዳ አይቼው ነበር። ቤት ገብተን ለብቻችን ስንሆን ጠየቅሁት።

«የዓይን ሞራ ነው ይመስለኛል» አለኝ። «እንዳትናገሪ። ዓይን የሌለው ባቡር ነጂ ምን ይባላል? ሳልሞት አታስቀብሪኝ፣ ሂሩቴ።»

አባቴ ሁሉን ነገር በቀልድ የሚያልፍ ሰው ነው። ሳይቀልድ ሲያወራ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነበር። በዓሉ ደግሞ ደርሷል፤ ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባቡሩን ከሀዲድ ሊጥል ነው።

አቶ ገመቹ ደጉ ሰው ባቡሩ የሚወድቀው ክፍሉ ጨልሞ መሰላቸው። በዚያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ክብር ማለት መብራት ነው። ጄኔሬተሩ የሚነሣው ሲመሽ ብቻ ስለነበር፣ ሰርግ ያለው ሰው ከበሬው በፊት ስለ ፍሎረሰንት ያስብ ነበር። በዓሉ ራሱ ወደ ማታ የተደረገው መብራታችን እንዲታይ ነው። እናም ግድግዳውን ኖራ አስቀቡት፤ ፍሎረሰንት አሰቀሉ፤ ያ አልበቃ ብሎ ከአንድ መሥሪያ ቤት ፓውዛ ተውሰው በሩ ላይ አቆሙ። «ጋሽ በላይ፣ አሁንስ?» ሲሉት አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ «አቦ ይሄ ፀሐይ ነው!» አለ። እሳቸው ምስጋና መሰላቸውና ሌላ ፍሎረሰንት ጨመሩ። ባቡሩ ከበፊቱ ብሶ ወደቀ።

በማግሥቱ ሐዋ ቤት ምሳ በላሁ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ነበር፤ ባሚያው እየተሙለጨለጨ ከጣቴ ሲያመልጥ እነሱ ይስቁብኛል። አያቷ በሩ አጠገብ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው የደረቀ ባሚያ ይለቅማሉ። ዓይናቸው በሞራ ነጥቷል፤ ግን አንዲት ጉድፍ አታመልጣቸውም። ፀሐይዋ ስትዞር እሳቸውም በርጩማቸውን ይዘው ዞሩ።

«አያትሽ ያያሉ እንዴ?» አልኳት።

«ፊቱ ላይ ብርሃን ከመጣ አያይም። ከኋላ ከመጣ ያያል» አለች ሐዋ። «ለዚህ ነው የሚዞረው። ምነው?»

ገንፎዬን ትቼ ተነሣሁ። እሷም ምን እንደነካኝ ሳታውቅ ተከተለችኝ። መንገድ ላይ የአባቴን ነገር ነገርኳት፤ ለማንም እንዳትናገር አስምዬ። ከገበያ ነጋዴዎች የቀርከሃ ምንጣፍ ለምነን ኖራው እንዳያንጸባርቅ ሸፈንነው። ከዚያ አቶ ገመቹን ፍሎረሰንቱን ሁሉ አጥፍተው አንዲት ቢጫ አምፖል ብቻ ከአባቴ ትከሻ ኋላ እንዲተዉልን ጠየቅናቸው።

«አምላኬ ሆይ! እንግዳ ጠርቼ ጨለማ ላስቀምጥ? አሶሳ መብራት የላትም ይበሉን?»

«ባቡሩ ድሬዳዋ የሚገባው ማታ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ምክንያቴ ቀጭን ነበር፤ እሳቸውም በእምቢታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያኔ ሐዋ ክንዳቸውን ያዘችና «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር። ካልተቻለ ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ራሴ አበራለሁ» አለቻቸው። አስተማሪን እንዲህ ይዞ የሚለምን ተማሪ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ተሸነፉ። ከእኔ ፊት ላይ ግን የሆነ ነገር ያነበቡ ይመስለኛል። ሌላ አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ ማታ ክፍሉ በሰው ጢም አለ፤ በመስኮትም የሚያየው ብዙ ነበር። ዝናብ ጥሎ ስላባራ እርጥብ አፈርና ማንጎ ይሸታል። አባቴ ክራቫት አስሮ ገባና «መብራቱን ማን ሰረቀው?» አለ። ሰው ሳቀ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

የአምፖሏ ብርሃን ከኋላው ሀዲዱ ላይ ወደቀ። አባቴ ወደ ፊት አጎነበሰ። ከዚያ ቀና አለ። እንደገና አጎነበሰ።

«ሂሩት» አለ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ «ድልድዩ ቀይ ነው እንዴ?»

ድልድዩን ሐዋ ከቀባችው ሰንብቷል። በየቀኑ እያየው ሲያልፍ የነበረ መስሎን ነበር።

«ቀይ ነው አባዬ።»

«ቀይ ነው!» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ሌላ ሰው ያላየው ይመስል። ምስጢሩን ያን ያህል አስጠብቆኝ ራሱ አፈነዳው። አቶ ገመቹ መሐረባቸውን አወጡ። አባቴ በአፉ ፉጨቱን ለቀቀው፤ ማዞሪያዋን ነካት፤ ባቡሩ ተነሣ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ልክክ ብሎ ቆመ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሐዋ አንገቴን አንቃ «ጎማ የለውም! ወላሂ ጎማ የለውም!» እያለች ትዘላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

በኋላ አዲስ አበባ ወስደነው የዓይኑ ሞራ ተገፈፈለት። ፋሻው ከተፈታ በኋላ አሶሳ ተመልሶ መጀመሪያ የጠየቀው ባቡሩን ነበር። በጠራራ ፀሐይ ደጅ አውጥተን ሰጠነው። ገለባበጠው። ፉርጎዎቹ ጠማማ ናቸው፤ ቀለሙ ተዝረክርኳል፤ ጣሳው ላይ «የምግብ ዘይት» የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል።

«አቦ! ለዚህ አስቀያሚ ነገር ነው ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበው?»

«ለባቡሩ መሰለህ እንዴ አባዬ?» አልኩት።

አዲሱን ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ባቡሩን ታቅፎ ገባ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ሰው የሞተበትን ሲያስብ ያለቅሳል ይባላል፤ እኔ ግን አባቴን ሳስበው ሳቅ ነው የሚቀድመኝ። ዕንባውም ቢመጣ ከሳቁ በኋላ ነው። አሁን በእሱ ዕድሜ ነኝና የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሁላችንም እንወደው ነበር፣ ያለንን ሁሉ አምጥተን ፊቱ ላይ አበራንበት፤ «የትኛው ይሻልሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። እሱም ቢጠየቅ «ደህና ነኝ አቦ» ነበር የሚለው። የሚወዱትን ሰው እንደዚያች አምፖል መጠበቅ፣ ሳያሳፍሩ፣ ከኋላው ሆኖ፤ ይህን ያወቅሁት በልጅነቴ በመሆኑ ዕድለኛ ነኝ።