ስለኔ ሊያወራ የሄደው ሽማግሌ

ያን ድንጋይ አልወደውም። ሰው ሁሉ ዓርብ ዓርብ እየሄደ ያየዋል፣ ልጆች በመሐሉ ይሽሎከለካሉ፣ ፎቶ ይነሱበታል። ድንጋዩ ምን በደለህ ብትሉኝ ምንም አልበደለኝም። ግን አልወደውም።

ሪያድ፣ ፉጣ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ እጠብቃለሁ። የምኖረው ከአንድ የአገሬ ሰው ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ ነው። እሱ በዕድሜ ትንሽ ያንሰኛል፣ በአፍ ግን ይበልጠኛል። ከከተማው ወንዝ ዳር በተሠራው የእግር መንገድ ላይ ያን ትልቅ ድንጋይ ሲቀርጹና ሲያቆሙ የቀን ሥራ አግኝቶ ነበር። ሥራው አቧራው እንዳይነሳ በጎማ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ማታ ማታ ሲያወራ ለሰማው ግን ድንጋዩን ከተራራ ፈልፍሎ ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

እኔ ሚስቴ ከሞተች ቆይቷል። ሱወይዲ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ሴት አለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን የዳረች፣ ረጋ ያለች። ዓርብ ከሰዓት ማዳሟ ስትለቃት ፉጣ መጥታ በርበሬና ሽሮ ትገዛለች፤ እዚያ ነው የተዋወቅነው። ላገባት ፈለግሁ። እዚህ አባት የለ፣ ወንድም የለ፤ ሽማግሌ የሚላከው ለራሷ ነው። ወንድ በገዛ አፉ አግቢኝ ማለቱ ደግሞ እኔ ባደግሁበት አገር ነውር ነው። ስለዚህ አብሮኝ የሚኖረውን ሰው ላክሁ። እሱን ብቻ። ጅብን ሥጋ ጠብቅ እንደማለት ነው።

"ያላ፣ ለኔ ተወው" አለኝ። "ድንጋዩን ላሳይሽ ብዬ አመጣታለሁ። እየሄድን ነገሩን አነሳዋለሁ። አንተ ወደኋላ ቅር። ፈላጊው አጠገብ ካለ ሴት ልጅ አትናገርም።"

ይሄ እውነት ነው፤ ወጉም እንደሱ ነው። እሺ አልኩ።

መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለሽማግሌ ጉልበት የተሠራ ይመስላል። በአንድ በኩል ዘንባባ፣ በሌላው ሸምበቆና ውሃ። እነሱ ከፊት፣ እኔ የሻይ ፔርሙስ ይዤ ከኋላ። እሱ የሚናገረው አይሰማኝም፤ እሷ ስትስቅ ግን ይሰማኛል። ስለኔ ምን የሚያስቅ ነገር አለ? ደግማ ሳቀች። ከኔ ጋር ስታወራ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ነው ፈገግ የምትለው። እኔን አንቱ፣ እሱን አንተ። የለበሰውን ሸሚዝ ከኋላ ሳየው ደግሞ ባሰብኝ። ሽማግሌዬ ሰው ይምሰል ብዬ ያዋስኩት የራሴ ሸሚዝ ነው።

ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ነጭ ነው፣ ቁመቱ ከፎቅ ቤት ይበልጣል። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ይመስላል፤ መሐሉ ክፍት ነው፣ ሰው ያሳልፋል። መዳፏን ዘርግታ ነካችው። እሱም መዳፉን ከመዳፏ አጠገብ አሳረፈና የሆነ ነገር አላት። ከዚያ በመሐሉ ገቡ። በወዲያ በኩል ይወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልወጡም። ወደኋላ ቅር መባሌን ትቼ ሄድኩባቸው።

ለካ ቀና ብለው የድንጋዩን ጫፍ እያዩ ነው። እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ድንጋዩን ሲያቆሙት ገመዱ የታሰረበትን ያሳያታል።

"ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው" አልኩ።

"ፔርሙስ ውስጥ ያለ ሻይ?" አለ እሱ። ጠቀስ አደረገኝና የሚያውቀውን ዘበኛ ሰላም ሊል ሄደ። እሷ ጥላው ላይ ተቀመጠች። ቀዳሁላት።

"ምን ሲልሽ ነበር?"

"ስለ ድንጋዩ ነዋ። እንዴት እንዳመጡት፣ እንዴት እንዳቆሙት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ነበረ?"

ያን ሁሉ መንገድ ስለኔ አንድ ቃል አላነሳም። አገራችን ሽማግሌ ሦስት ሆኖ የሚላከው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንዱ ሌላውን ሊጠብቅ ነው።

ነውር ከሆነም ይሁን ብዬ ተናገርኩ። "እኔ ነኝ የላክሁት። ላንቺ። ሽማግሌ ብዬ።"

ሻይዋን ፉት አለች። ከዚያ ከዘበኛው ጋር ወደሚያወራው ሰው ዞር ብላ አየችውና፣

"ይሄን ነው ሽማግሌ ያሉት?" አለች። "የለበሰው ሸሚዝ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ያስታውቃል። ሰፍቶታል።"

ሲኒውን መለሰችልኝ። "ሱወይዲ ያገራችን ትልልቅ ሰዎች አሉ። ሁለት ሦስት ሆነው ይምጡ፣ መልሴን ለነሱ እሰጣለሁ። እሱን ግን እንዳይልኩት።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን፣ "ለምን?" አልኩ።

"ያስቀኛል" አለች።

ሰዎቹን ላክሁ፣ እሺ አለች፣ ኒካሕ ታሰረ። ኸላስ፣ ሚስቴ ናት። ዓርብ ሲሆን ግን "ድንጋዩ ጋ እንሂድ" ትላለች። እሄዳለሁ። መዳፏን እዚያው፣ ያን ቀን ያሳረፈችበት ቦታ ላይ ታሳርፋለች።

"ምን አሰብሽ?" እላታለሁ።

"ኧረ ምንም፣ ይቀዘቅዛል" ትላለች።

ሸሚዜን አጥቦ መልሶልኛል። አልለብሰውም።