ሦስተኛው እምቢታ

ባንተአምላክ ድግስ ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ በር ላይ ነው። ቦታ ጠፍቶ አይደለም። መደቡ ላይ ገና ማንም ሳይቀመጥ ቢደርስ እንኳ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ዶሮ ከምትመላለስበት ከበሩ ጥግ ቁጢጥ ይላል። ባለድግሱ መጥቶ ወደ ላይ ውጣ ሲለው እዚህ ይበቃኛል ይላል። ሁለተኛ ሲለመን እዚያ ምን ልሠራ ይላል። ሦስተኛው ላይ ጓደኛው አያሌው ብድግ ብሎ በጋቢው ጫፍ ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ እያጉረመረመ ይወጣና ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ድሮም ከተያዘለት ቦታ ይቀመጣል። ከተቀመጠ በኋላ ደስታው ከፊቱ ይነበባል።

ይህ የእሱ ብቻ ጠባይ አልነበረም። ከወገዳ ወደ ቆላው ሲወረድ ባለው በዚያ ቀበሌ ጨዋ ሰው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሹመትም ይሁን የማኅበር መሪነት፣ ሙሴነት የሚሉት፣ ሲሰጡት በመጀመሪያው ቃል እሺ ያለ ሰው ስሙ አያምርም፤ ሲያሰፈስፍ ነበር ይባላል። ባንተአምላክ ደግሞ ወጉን ከማንም አሳምሮ የያዘ ሰው ነው። እምቢታው ለዛ ስላለው ሰዎች እሱን መለመን ይወዱ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉን እምቢ ባይ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከልቡ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ዳኝነት።

ነገሩ የጀመረው በጎረምሳነቱ ነው። አባቱ ሞተው ብዙም ሳይቆይ እናቱ ዘነበች ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ተካሰሱ። የዚያን ጊዜው የቀበሌ ዳኛ መሬቱን መጥተህ እየው ተብሎ ቢለመን ሩቅ ነው፣ ፀሐዩም ከባድ ነው፣ ምስክር ይበቃኛል ብሎ ከወንበሩ ሳይነሣ ፈረደ። ባቄላ የሚዘሩበት ጠርዝ በዚያው ሄደ። ዘነበች ከችሎት ሲመለሱ አላለቀሱም፤ «ሳያየው ፈረደ» እያሉ ብቻ ልጃቸውን አስከትለው ቤታቸው ገቡ። ከመሬቱ መሄድ ይልቅ ሳይታይ መሄዱ ነበር ያንገበገባቸው። ልጁ ያን ቃል ከጆሮው ሊያወጣው አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ አገባ፣ ወለደ፣ ጠጉሩም ሸበት ማለት ጀመረ። እናቱም ቆብ ጭነው እማሆይ ተባሉ። ሰው በመሬት ሲጣላ ባንተአምላክ ለሽምግልና ይጠራል፤ መጀመሪያ መሬቱን ልየው ሳይል አንድ ቃል አይተነፍስም። ግን ሽምግልና ሌላ፣ ዳኝነት ሌላ ነው። የሽማግሌን ቃል ያልወደደ ሰው ትቶት ይሄዳል፤ የዳኛውን ግን ወዶም ጠልቶም ይቀበላል። ባንተአምላክ የፈለገው ያችኑ የድሮው ዳኛ ያልተነሣባትን ወንበር ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እንዴት ተብሎስ ይነገራል?

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የወሰንና የስድብ የመሳሰለውን ክርክር ለሚያየው ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች ሊመረጡ ነው ተባለ። የባንተአምላክ ስም መጠራቱ አይቀርም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየው ሰው ጸሎት መስሎት ነበር። የሚያጠናው እምቢታውን ነው። ለመጀመሪያው ልመና አንድ ቃል፣ ለሁለተኛው ሌላ አዘጋጀ። ለሦስተኛው አያሌው አለ፤ አያሌው ደግሞ ይህን ሳይነገረው ያውቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ከወረዳ ምርጫውን እንድትመራ የመጣችው ሳሮን የምትባል ንፋስ መውጫ ከተማ ተወልዳ ያደገች ወጣት ነበረች። ሰው የምታከብር፣ ሥራዋንም የምትወድ ልጅ ናት። መመዘኛውን አንድ በአንድ አስረዳች፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በጠባዩ የተመሰገነ፣ በመጠጥ የማይታማ፣ ለሥራው ፈቃደኛ የሆነ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የመጨረሻዋን ልብ ያላት ሰው ግን አልነበረም።

ሕዝቡም የራሱ መመዘኛ አለው። የባንተአምላክ ስም ሲጠራ አንዱ ተነሥቶ፣ ሲያርስ በሬዎቹ ከወሰን አልፈው አያውቁም አለ። ሌላው፣ ከብቱ የሰው አዝመራ ቢያጠፋ ባለቤቱ ሳይሰማ ራሱ ሄዶ የሚናገር ነው ብሎ መሰከረ። ከሴቶቹ መካከል አንዲቷ፣ ሚስቱ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ አይተን አናውቅም ብትል ሳቅ ሆነ። ቀልድ ግን አልነበረም፤ ሌሎቹ ሴቶችም እውነት ነው እያሉ አጸኑላት። ባንተአምላክ መሬት መሬቱን እያየ ይሰማል። በመጨረሻ ተነሣና ያጠናውን ተናገረ።

«እኔ ምን አውቄ ዳኛ እሆናለሁ? ከእኔ የተሻሉ ሞልተዋል፤ እነሱን ጠይቁ።»

«ፈቃደኛ አይደሉም ማለት ነው» አለች ሳሮን በትሕትና። «ስለ ቅንነትዎ እናመሰግናለን።» ስሙን ሰረዘችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሁለተኛውን ልመና ሊጀምር የነበረው ሰው ሁሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አያሌው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነበር፤ ግን የእሱ ተራ ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ይለምናል ብሎ ጠበቀ፤ ያም ሌላ ሰው ሌላ ሰው ጠበቀ። እኔ በልጅቷ አልፈርድም። ሰው አልፈልግም ካለ አይፈልግም ብላ አመነች፤ ማመን ደግሞ ነውር አይደለም። ቀጥሎ የተጠራው ደምሌ የሚባል ጎልማሳ ግን ብልጥ ነው። እሱም የራሱን እምቢታ አዘጋጅቶ ነበር፤ የባንተአምላክን ዕጣ ሲያይ ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ እችላለሁ ብሎ ቁጭ አለ።

ባንተአምላክም ተቀመጠ። ወደ አያሌው ቢያይ አያሌው ጫማውን ያያል። እንደገና ተነሥቶ እፈልጋለሁ ማለት? ከዚያስ መሬት ብትውጠው ይሻለዋል። ስንት ዓመት የጠበቃት ወንበር ከዓይኑ ሥር ስትሄድ እያየ ጋቢውን እስከ አፉ ሳበ።

ይሄኔ ከሴቶቹ ወገን እማሆይ ዘነበች መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ቆዪማ። ልጄ ይፈልጋል። መሬቴን ሳያዩ ከፈረዱብኝ ቀን ጀምሮ ይፈልጋል። አሁን እምቢ ያለው ለወጉ ነው።»

ባንተአምላክ በሕዝብ ፊት ልብሱን የገፈፉት መሰለው። ሳሮን ግራ ገባት፤ ግን አልሳቀችም። ወደተቀመጠበት መጥታ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ይህን ከራስዎ መስማት አለብኝ። ይፈልጋሉ?»

ባንተአምላክ ያጠናው ሁሉ ጠፋው። «እፈልጋለሁ» አለ። ድምፁ ስላነሰ ከኋላ የነበሩት ምን አለ ብለው ጠየቁ፤ እፈልጋለሁ አለ እየተባለ ቃሉ እስከ አጥሩ ድረስ ተላለፈ። አንድ ሽማግሌ፣ ዳኝነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዳኛ ይሆናል ወይ ብለው አጉረመረሙ።

ተመረጠ። እንደታሰበው ግን ሁሉም እጁን አላወጣለትም። ከመሬት ቀና ብሎ የማያየው ሰው ያን ቀን ቀና ብሎ አየ፤ የተነሡትን እጆችም፣ በጋቢ ውስጥ እንደተሸሸጉ የቀሩትንም። የአያሌው እጅ ጋቢ ውስጥ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ለምን አሳፈሩኝ ብሎ እናቱን ወቀሳቸው። እማሆይም፣ ሦስተኛውን ብጠብቅልህ ማን ይለምንህ ነበር አሉት።

ከዚያ በኋላ አያሌው ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በሌላ መንገድ መምጣት ጀመረ። አልተጣሉም፤ ሰላምታም አልተከለከሉም፤ ግን ጨዋታው ደረቀ። በሰኔ አንድ የማኅበር ድግስ ላይ ባንተአምላክ እንደልማዱ በር ላይ ተቀመጠ። ባለድግሱ ወደ ላይ ውጣ ሲለው እዚህ ይበቃኛል አለ፤ ባለድግሱም እሺ ብሎ አለፈ። አሁን የሚፈልገውን የሚናገር ሰው ሆኗል ብሎ ነው መሰለኝ። አያሌው ከላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ባንተአምላክ እዚያው በር ላይ በላና ወጣ። ከፋው፤ በጣም ከፋው።

ነሐሴ ላይ የአያሌው ጎረቤት ወሰኔን ገፋብኝ ብሎ ከሰሰው። በቀጠሮው ቀን ሰማዩ ተቀዶ ይዘንባል። አብሮት የተመረጠው ደምሌ ምስክሮቹ መጥተዋል፣ እነሱን ሰምተን እንወስን አለ። አያሌው ከችሎቱ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሻሻል።

«ባንተአምላክ፣ ሳትጀምር አንድ ነገር ልንገርህ» አለ። «ያን ቀን እጄን አላወጣሁልህም።»

«አይቻለሁ።»

«እኔ መናገር ሲገባኝ እናትህ ተናገሩ። አፈርሁ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ባንተአምላክ ዱላውን አንሥቶ ከወንበሩ ተነሣ። መሬቱን እንየው አለ። አያሌው ዝናቡን አሳየው፤ ይቅር፣ ምስክር ይበቃል አለ። ባንተአምላክ ግን እንሂድ አለ። ወንዙም ሳይሞላ አይቀርም አለ አያሌው። ባንተአምላክ ሦስተኛውን አልጠበቀም፤ አያሌውን በጋቢው ጫፍ ይዞ እየጎተተ ወደ ዝናቡ ወጣ። ደምሌና ባለጉዳዮቹም ከኋላ ተከተሉ።

ወሰኑ ላይ እጃቸውን ጭቃ ውስጥ ከተው የወሰኑን ድንጋይ ፈለጉ፤ አገኙትም። አያሌው አልፎ ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አልፎ ነበር። ፍርዱ በእሱ ላይ ሆነ፤ ይግባኝም አላለም።

በማግሥቱ እማሆይ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አያሌውን መንገድ ላይ አገኙት። ልጄ እንዴት አድርጎ ፈረደብህ ብለው ጠየቁት።

«አይቶ ነው የፈረደብኝ» አለ አያሌው።

እማሆይ ጆሯቸው ደህና ነበር። ግን አልሰማሁህም፣ እስቲ ድገመው አሉት።